ወደ ሐይቅ የተጫነ ውሃ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

"ይሄ ሁሉ ለአንድ ቀን ነው? ወይስ ልንሰደድ ነው?" አለች ባለቤቴ የሺ፣ አልጋው ላይ የደረደርኩትን ዕቃ እያየች። ቀጥላም፣ "በዚያ በክፉው ጊዜ ከቤት ስንወጣ እንኳ ይህን ያህል አልያዝንም" ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። ያኔ እሷ የልብስ ስፌት መኪናዋን ከእግሩ ነቅላ በነጠላ ጠቀለለች፤ እኔ ዳቦ የያዘ ፌስታል አንጠለጠልኩ፤ ሌላ ነገር አልነበረንም።

ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ልንውል ነው። በመጋቢት የኩላሊት ጠጠር ይዟት ወልድያ ተኝታ ስትታከም፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ "ከዚህ ከተነሣሁ አንድ ቀን ውሃ ዳር ቁጭ ብዬ፣ እጄን አጣጥፌ መዋል ነው የምፈልገው" አለችኝ። በትዳራችን ለራሷ ብላ የጠየቀችኝ ነገር ጥቂት ነው። ደሴ ስንመላለስ ሐይቁን የምናውቀው በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ሁልጊዜ የሚደርሳት ወንበር በተራራው በኩል ነበር።

እኔስ ብሆን? ጂኦግራፊ ሳስተምር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሐይቆችን አፈጣጠር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥያለሁ። እግሬን ግን በአንዱም ነክሬ አላውቅም።

እስካሁን የተሰናዳው፦ ሰሌን፣ ሁለት ጃንጥላ፣ ሁለት ፎጣ፣ ለሁለታችንም ነጠላ ጫማ፣ የእኔ ባርኔጣ፣ የቁስል ፕላስተር፣ የራስ ምታት ክኒን፣ ቢላዋ፣ ጨው፣ መርፌና ክር፣ ትንሿ ሬዲዮ፣ ጋቢ። ጋቢው ለውጫሌ ዳገት ነው። እኛ የቆቦ፣ የራያ ቆላ ሰዎች እዚያ ላይ ነፋስ ሲነካን ጥርሳችን ይንገጫገጫል።

ጎረቤታችን ዘይነባም አብራን ትሄዳለች። ስለዚህ ሥጋ አንይዝም። የእኛን እርድ እሷ አትበላም፣ የእሷን እኛ አንበላም። ከድሮም ጀምሮ አንድ ሳህን ላይ የምንገናኘው በእንቁላልና በዓሣ ነው። ዓሣው እዚያው አለ። እንቁላሉን እኛ እንቀቅላለን።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

መኪናው የሲሳይ ነው፤ የየሺ የእህቷ ልጅ። ሚኒባሱን ቅዳሜ ከሥራ አስወጥቶ ሊወስደን ቃል ገብቷል። ዛሬ ዕቃውን ሊያይ መጥቶ ቢጫዋን ጀሪካን ሲያገኝ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ጋሼ፣ ወደ ሐይቅ ውሃ የሚጭን ሰው ገና ዛሬ አየሁ!"

"የሐይቅ ውሃ ይጠጣል እንዴ?" አልኩት።

"ከተማ አለ እኮ! ሱቅ አለ! የታሸገ ውሃ አለ!"

ዘይነባ በአጥሩ ላይ ሆና ሰምታ ኖሮ ተቀበለችልኝ፦ "ተወው አንተ! የራያ ሰው ውሃ ሳይዝ ከደጁ አይወጣም። አብሽር ጋሼ፣ ጫናት!"

ጀሪካኗ ተጫነች። ማለት ተራዋን ይዛ በር ሥር ተቀመጠች።

መንገዱን ጠየቅሁት። "ለአሁኑ ሰላም ነው፤ እስከ ቅዳሜ እንዲህ ከቆየ እንሄዳለን" አለ። እንዲህ የሚባል መልስ ለምደናል።

ከሰዓት በኋላ የሺ አሮጌውን ነጭ አንሶላ ለሁለት አጥፋ፣ አራቱን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ አጠናክራ፣ የገመድ ማስገቢያ ቀለበት ሰፋችለት። የጥላ ድንኳን ሆነ። ሜትሩን ከመሳቢያው አላወጣችም፤ በስንዝርና በዓይን ብቻ ነው የሠራችው። እኔ ደግሞ ክፉ ልማዴ ነውና ስትወጣ ጠብቄ ለካሁት። ጎንና ጎኑ እኩል ነው። ሜትሩን ጠቅልዬ ቦታው መለስኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ሲሠራ ማየት እንዲህ ደስ የሚለኝ በእሷ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ዛሬ ዕቃ ቀናሽዋ እሷ ሆነች።

መርፌና ክሩን አወጣች። "እዚያ ሄጄም ልሰፋ ነው?" አለች። ሊቀደድ የሚችል ነገር ቢኖርስ ብላት፣ "ይቀደዳ!" አለችኝ። ልብስ ሰፊ ሴት "ይቀደዳ" ስትል ሰምቼ አላውቅም።

ሬዲዮውን አወጣች። ዜና ሰምቼ ፊቴ እንዲጠቁር አትፈልግም።

ወንበር ግን ጨመረች፤ መደገፊያ ያለው። ያውም የስፌት ወንበሯ እንዳይሆን። "እሱ ላይ ከተቀመጥኩ እግሬ ፔዳል ይፈልጋል" አለች። ከዘይነባ ቤት የፕላስቲክ ወንበር መጣ።

እኔ የጎደለውን ሳስብ ነበር፤ እሷ ደግሞ ዕረፍቷን የሚበላውን ታስባለች። ከእኔ አያያዝ የእሷ ይበልጣል። ይህን እዚህ መጻፍ ይቀለኛል፤ ፊት ለፊት ብነግራት ታሾፍብኛለች።

ነገ ሙከራ እናደርጋለን። ፈተና ሳይሞከር አይሰጥም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ሙከራው ጥሩ አልሆነም። ወይም ጥሩ ሆነ፤ ገና አላወቅሁም።

ሲሳይ ወደ ሮቢት ሲወርድ እኔንና የሺን ጎሊና ወንዝ ዳር አወረደን። አንሶላውን ሁለት ግራር መካከል ወጠርን። አልዘመመም። ሰሌኑ ይበቃል። ወንበሩ አሸዋ ላይ ይሰምጣልና እግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስፈልገዋል። ሁሉን እያየሁ ደስ አለኝ። ፀሐዩ ግን እንደ ግንቦት ነበር፤ ወንዙም ከድንጋይ ድንጋይ የሚዘል ቀጭን ውሃ ብቻ ነው።

ውሃ በኮዳ ሞልቼ ሰጥቻት ነበር። "ጠጪ እንጂ" ስላት፣ "አልጠማኝም" ትላለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ሲሳይ ሲመለስ ወስዶን ቤት እንደገባን ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ እንስራው ጋ ሄደች። ቆማ ጠጣች። ደገመች። ሦስተኛውንም ቀዳች። ኮዳውን አነሣሁት፤ እንደሞላሁት ነው።

"የሺ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ምኑ?"

"አልጠማኝም ስትዪ አልነበር?"

ማጀት ገብታ ዕቃ አንኳኳች። ከዚያ መጥታ በሩ ላይ ቆመችና ሳታየኝ ተናገረች፦ "አንተና ሲሳይ መኪና አቁማችሁ ዞር ትላላችሁ። እኔስ? ከዚህ እስከ ጎብዬ ሜዳው እንደ መዳፍ ነው። ለአንዲት ሴት መጋረጃ የሚሆን ቁጥቋጦ የለም። መንገድ ስወጣ ውሃ አልጠጣም። ድሮም አልጠጣም።"

ስንት ዓመት በአውቶቡስ አብረን ስንሄድ "አልጠማኝም" ስትለኝ እንደ ተፈጥሮዋ ቆጥሬው ነበር። ውሃ የማትወድ ሴት መስላኝ ነበር እኮ!

ሐኪሙ ያላትን አብረን ነው የሰማነው፦ ሽንትሽ ውሃ እስኪመስል ጠጪ፤ ከደረቅሽ ያ ሕመም ይመለሳል። ያንን ሕመም አይቻለሁ። ግድግዳውን በጥፍሯ ስትቧጥጥ አድራለች።

"እንግዲያው ቅዳሜ ትጠጪያለሽ" አልኳት።

"አልጠጣም።"

"ካልጠጣሽ አንሄድም።"

"ወይ ውሃው፣ ወይ ጉዞው። ሁለቱ አብረው አይሆኑልኝም።"

"እንግዲህ ጉዞው ይቅራ።"

"እሺ" አለች። ሄዳ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና የሰው ቀሚስ መስፋት ጀመረች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ጠዋት ዘይነባን በአጥሩ ጠራኋት። ነገሩን እንዴት እንደምጀምረው ሳስብ፣ የትናንቱን በአጥሩ ሰምታ ኖሮ ቀድሞ ገባት።

"ወላሂ ጋሼ፣ እኔም ደሴ እህቴ ዘንድ ስሄድ ከዋዜማው ጀምሬ ውሃ አልነካም። ሴት ሁሉ እንደዚያው ነው። ዛሬ ነው የሰማኸው?"

"ትናንት ነው።"

"አይ አስተማሪ!" ብላ ሳቀችብኝ። ቀጥላም፣ "መንገድ ላይ የምናውቀው ቤት ቢኖር እኮ አንድ ነገር ነበር" አለች።

እዚህ ላይ ነቃሁ። ቤትማ ሞልቶኛል። ከቆቦ እስከ ሐይቅ ያስተማርኩት ሰው የማይኖርበት ከተማ የለም። ችግሩ ሌላ ነው። በእኛ አገር ሰው ቤት ገብቶ "ሽንት ቤት ብቻ" ብሎ መውጣት የለም። በግ ይታረዳል፤ ምሳ ይቀርባል፤ "በሞቴ" ይባላል። ሁለት ቤት ከቆምን የምናድረው ወልድያ ነው።

ያም ሆኖ ስልኩን አነሣሁ።

መጀመሪያ ጎብዬ፣ ለሙሉጌታ፤ እህል ነጋዴ ነው። ለወንድ ልጅ፣ ያውም በዱላ ለቀጣሁት ልጅ፣ እንዴት አድርጌ ልንገረው? "ከጎረቤታችን ከዘይነባ ጋር በዚያ ስናልፍ ለትንሽ ዕረፍት እንቆም ይሆናል" ብቻ አልኩት። "ቤቱ የማን ሆነና ነው ቲቸር!" አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ስህተት መሥራቴን አውቄዋለሁ።

ቀጥሎ መርሳ፣ ለትርንጎ። ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ ሳትጠራ የማትመልስ ልጅ ነበረች፤ አሁን ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ለእሷ ዓይኔን ጨፍኜ ሁሉንም ነገርኳት፤ የየሺን ሕመም፣ ውሃውን፣ ሜዳውን። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"ሃሎ?"

"አለሁ ቲቸር። ገብቶኛል። ምሳ ሳልጋብዛችሁ ካለፋችሁ ጎረቤት ምን ይለኛል እያልኩ ነው የማስበው።" ወዲያውም ቀጠለች፦ "እንዲህ እናድርግ። በሩ ክፍት ይሆናል። እኔ ቤት አልኖርም። ባለቤት የሌለበት ቤት ደግሞ እንግዳ አይዝም።"

ስልኩን ዘጋሁ። እንዲህ ያለ ግብዣ ሰምቼ አላውቅም።

የሺ ስትሰማ እንደፈራሁት ሆነ። "አገሩን ሁሉ ሽንቴን አዳረስክልኝ?"

"ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት። ለሴት።"

"ለሙሉጌታስ?"

"ለእሱማ አፍሬ አልነገርኩም።"

ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳቅ አመለጣት። "ነገ ጎብዬ ላይ በግ ትበላለህ፤ ታያለህ!" አለች። "ነገ" አለች! እንግዲህ ልንሄድ ነው ማለት ነው። ስለ ውሃው ግን ቃል አልሰጠችኝም።

እንቁላሉ ተቀቅሏል። የፋሲካው ሃምሳ ቀን ስላላለቀ ዓርብም ቢሆን አንዱን ቀመስኩ። ጨው ይዘናል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

እጄ ደክሟል፤ ግን ዛሬን ለነገ አላሳድርም።

ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። የሺ ጠዋት ቂጣ በሻይ በላች፤ ሻዩም ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ነው። አየሁ፤ ጀሪካኗን ራሴ ጫንኩ። ሮቢትን አለፍን።

ጎብዬ መግቢያ ላይ ሙሉጌታ አስፋልቱ መሐል ቆሞ እጁን ዘርግቶ ነበር። ሲሳይ ባያቆም ይገጨው ነበር። ቤቱ ስንገባ ጥብሱ ተጥዷል፤ ለዘይነባ ብቻ ከእስላም ጎረቤት ያስመጣው ዶሮ ሳይቀር ቀርቧል። "አፈር ስሆን ቲቸር፣ አንድ ጉርሻ! በሞቴ እትዬ!" የሺ በዓይኗ "አላልኩህም?" አለችኝ። ሰው በሞላበት ቤት፣ ወንዶች በተኮለኮሉበት ግቢ ሽንት ቤቱን ማን ይጠይቃል? በላን፤ አመሰገንን፤ ፀሐዩ ከሮ ወጣን። በየሺ አፍ ግን ውሃ አልዞረም። ሙሉጌታ ምንም አላጠፋም። በግልጽ ብነግረው ኖሮ በግልጽ ይረዳኝ ነበር።

ወልድያን አልፈን ወደ መርሳ ስንቃረብ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ዘይነባ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። "እንመለስ?" አልኩ። "ንዳ" አለችው ሲሳይን።

መርሳ ላይ የትርንጎን ቤት በሰማያዊ በሩ አገኘነው። በሩ ገርበብ ብሏል። "ቤቶች?" አልን። መልስ የለም። ግቢው ተጠርጎ ውሃ ተርከፍክፎበታል። ሽንት ቤቱ ደጃፍ ጆግ ሙሉ ውሃ፣ አዲስ ሳሙና፣ ታጥፎ የተሰቀለ ፎጣ። የዋናው ቤት በር ላይ መጋረጃ የለም፤ ውስጡ ድረስ ይታያል፤ ሰው እንደሌለበት እንድናይ ብላ አውልቃው ይሆን? በረንዳው ላይ በፌስታል ማንጎ አለ። ይህ ብቻ ነው። በአጥሩ ማዶ የነበረች ጎረቤት፣ "እንደምን አረፈዳችሁ" ብላ ምንም ሳትጠይቅ ወደ ቤቷ ገባች። እሷም ተነግሯታል ማለት ነው።

እኔና ሲሳይ መኪናው ውስጥ ጠበቅን። የሺ ስትወጣ የዋናውን ቤት በር መቃን ይዛ ቆመችና ወደ መኪናው መጣች።

"ይህችን ልጅ ማን አሳደጋት?"

"እኔ አስተምሬያታለሁ" አልኩ፣ ኩራት ብጤ ተሰምቶኝ።

"ይሄንን አንተ አላስተማርካትም" አለች።

አላስተማርኳትም። ትክክል ነች።

መኪናው ሲንቀሳቀስ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ምን እንደፈለገች ስላልገባኝ ማንጎ ሰጠኋት። መለሰችልኝና፣ "ከጀሪካኗ ቅዳልኝ" አለች። ቀዳሁላት። በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው። ውጫሌ ዳገት ላይ ሌላ ጠጣች። ጋቢውን ግን ዘይነባ ናት የለበሰችው።

ሐይቁ ከመታጠፊያው በኋላ በድንገት ይመጣል። በካርታ ላይ ሰማያዊ ቀለም ስቀባው የኖርኩት ነገር ሰማያዊ ብቻ አይደለም፤ ዳሩ ላይ አረንጓዴ፣ ራቅ ሲል እርሳስ የመሰለ፣ ማዶ ካለው ገዳም ዛፎች ሥር ጥቁር ነው። ሲሳይ ሽንት ቤት ያለው ሰፊ መዝናኛ አገኘልን። አንሶላውን ወጠርን፤ ወንበሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረግሁ።

የሺ ጫማዋን አውልቃ ወንበሩን ውሃው ጫፍ ድረስ አስጠጋች። እግሯን ነከረች። እጇን አጣጠፈች። መጀመሪያ ጣቶቿ የነጠላዋን ጥለት ይፈልጉ ነበር፤ ያፍተለትሉታል፣ ይለቁታል። ከዚያ ተዉት። ሥራ ፈትተው ያየኋቸው ዛሬ ነው። ደንገሉ መሐል ታንኳ ሲያልፍ፣ ወፎቹ ሲነሡና ሲያርፉ ዝም ብላ ታያለች። ዘይነባ የቀትር ሶላቷን፣ ዙህርን፣ ከሰገደች በኋላ ሰሌኑ ላይ ጋደም አለች። ሲሳይ ገና ዓሣው ሳይመጣ ያንኮራፋል። እኔም ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁ። ይቀዘቅዛል። ጭቃው በጣቶቼ መካከል ሲወጣ እንደ ልጅ ሳቅሁ።

"ውሃ ስጠኝ" አለች።

ሰጠኋት። ጠጥታ ጣሳውን ዘረጋችልኝ። "ድገመኝ።"

ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ። የምቆጥርባት እንዳይመስላት።

ስንመለስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆቦ መግባት ስላለብን ቸኮልን። መርሳ ላይ ትርንጎ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችን። የሺ ወርዳ አቀፈቻት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሁለቱም ይስቁ ነበር።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዕቃ አወጣሁ። ያልነካናቸው፦ ፕላስተር፣ ክኒን፣ አንዱ ጃንጥላ፣ ባርኔጣዬ። ፎጣዎቹ አሸዋ አለባቸው። ጀሪካኗ ባዶ ናት። ሲሳይ ጠብታ እንኳ ሲያጣባት፣ "በቃ ጋሼ፣ አፌን ያዝኩ" አለ።

ወገቧን ጠየቅሁ። "ትንሽ ይሰማኛል" አለች። የጎብዬው ጥብስ ነው ወይስ ያ ሕመም? አላውቅም። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ስትነሣ ሰማሁ። መልካም ምልክት ነው ብዬ ልተኛ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ወገቧ ተሽሏታል። "ረሳሁት" አለች።

ነጭ ጨርቅ ትቆርጣለች። ምንድን ነው ብላት የበር መጋረጃ ነው፤ ለትርንጎ። ልኩን ከየት አመጣሽው ብዬ አልጠየቅሁም፤ ያን ዕለት መቃኑን ይዛ የቆመችው ለዚህ ኖሯል። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ሐረግ ታወርድለታለች። ሲሳይ በመጀመሪያው ምልልስ ያደርስላታል።

ኮዳውን ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀመጥኩላት። ቀና ሳትል ዓይታኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጓሮ ሄጄ ፎጣዎቹን አራግፌ አሰጣሁ። ስመለስ ኮዳው ባዶ ነበር። ሞላሁት።